ካርድ ያልነበረው ካርቶን

መርማሪዋ ስትደርስ ወጣቷ እናት ገና ከማዋለጃ ክፍሉ አልጋ አልወረደችም። አንሶላው እስከ አገጯ ተስቦላታል። ከግድግዳው ማዶ የግማሽ ቀን ዕድሜ ያላት ሴት ልጇ በማታውቀው ሰው እቅፍ ታለቅሳለች።

መርማሪዋን ያስጠሩት የሟቿ አባት ናቸው። በጤና ጣቢያው የመድኃኒት መጋዘን ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። የቁልፍ ዘለላ ከወገባቸው ስለማይለይ ሠራተኛው «ጋሽ ቁልፉ» ይላቸዋል።

«ልጄን ገደሏት» አሏት በሩን ተደግፈው። «ደም ሲፈሳት ማቆሚያ መርፌ ወጓት። ቀኑ ያለፈበት መርፌ! አዋላጇ ‹ቀኑ አልፎ ነበር› እያለች ስታለቅስ የጽዳት ሠራተኛዋ በጆሮዋ ሰምታለች።»

«እርስዎ የት ነበሩ ጋሼ?»

«ዋናው መጋዘን። መርፌው ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆነው። ነገ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ይሉኛል። የልጄ ቀን ሲደርስ ራሴ ላምጣው ብዬ በጠዋት ሄድኩ።» እግራቸው ሥር ያለውን የበረዶ ሳጥን አዩት። «አመጣሁት። ሃምሳ ብልቃጥ። ሁለት ሰዓት ዘገየሁ።»

ጎንበስ ብለው የሳጥኑን ክዳን ጫን አደረጉት።

«ከእኔ መደርደሪያ ቀኑ ያለፈ ነገር ወጥቶ አያውቅም። ፋርማሲስቷ ከውጭ ገዝታ አስገብታው ይሆናል። ከየት እንደመጣ ፈልጊልኝ ልጄ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ ጥያቄ ታበዛለች። ዛሬ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የጀመረችው።

አዋላጇ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ቆማ የጸዳ እጇን ደግማ ታጥባለች።

«መርፌውን ከየት አመጣሽው?»

«ከቁም ሳጥኑ።»

«እዚያ ማን አስቀመጠው?»

«አላስታውስም።»

«ቀኑን ያየሽው ከመውጋትሽ በፊት ነው?»

«በፊት ነው» አለች ሳታቅማማ። «አምስት ወር አልፎታል። ፍሪጅም አላየም። ውሃ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ግን ሌላ ምን ነበረኝ እትዬ? እጄን ይዛ ‹አባባ መጣ?› ትለኛለች። ባዶ እጄን ላሳያት?»

መርማሪዋ ልብ አለች። አዋላጇ ሥራዋን ሊያሳጣት የሚችለውን ጥያቄ ፊት ለፊት መለሰች። ዓይኗን የሰበረችው መርፌውን ማን እንዳስቀመጠው ስትጠየቅ ብቻ ነው።

ፋርማሲስቷ ባዶውን ፍሪጅ ከፍታ ትወለውላለች።

«ጋሽ ቁልፉ መርፌውን ከውጭ ገዝተሽ ያስገባሽው አንቺ ነሽ ይላሉ» አለቻት መርማሪዋ።

«ይበሉ።»

«ገዝተሻል?»

«እኔ? ያለ እሳቸው ፈቃድ ጓንት እንኳ አውጥቼ አላውቅም። ጓንት ስጠይቃቸው ‹ሁለቱንም እጅሽን ትፈልጊያለሽ?› ነው የሚሉኝ።» ፈገግታዋ ሳይሞላ ጠፋ።

«ታዲያ ለምን አልገዛሁም አላልሻቸውም?»

«ዛሬ የሚጠሉት ሰው ያስፈልጋቸዋል። እኔ ልሁንላቸው።»

ብዙ እንደተናገረች ገባትና ጨርቋን ጨምቃ ዘወር አለች።

መጋዘኑ እንደ መዝገብ ሥርዓት አለው። ቀኑ የቀረበው ካርቶን ከፊት፣ የራቀው ከኋላ። ከየረድፉ ካርድ ተንጠልጥሏል፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ብልሽት፣ ቀሪ። መርማሪዋ መነጽሯን አድርጋ ካርዶቹን አንድ በአንድ አየች። ብልሽት የሚለው አምድ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ከዚያ አጎንብሳ ከታችኛው መደርደሪያ ጀርባ ተመለከተች፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ካርቶኖች ተደርድረዋል። ቀጥላ ወደ ማዋለጃ ክፍል ተመለሰችና የቁም ሳጥኑን አንሶላዎች አነሳች። ከሥራቸው አንድ ትንሽ ካርቶን ነበር፤ ስምንት ብልቃጥ ቀርቶበታል።

እውነቱን እዚያው አወቀችው። ለረጅም ጊዜ ካርቶኑን ይዛ ከሟች እግር አጠገብ ቆመች።

ጋሽ ቁልፉን፣ አዋላጇንና ፋርማሲስቷን ሦስቱንም መጋዘን ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«መርፌው ከውጭ አልተገዛም» አለች። «ካርቶኑ ላይ የታተመው የጭነት ቁጥር የዚሁ መጋዘን ነው። ከመደርደሪያም አልወጣም፤ የዚያ ጭነት መርፌ ሁሉ ቀኑ ሳያልፍ እንዳለቀ ካርዱ ይናገራል።»

«አላልኩሽም?» አሉ ጋሽ ቁልፉ።

«ሰው ራሱን ለማዳን ይዋሻል። እነዚህ ልጆች ግን ራሳቸውን እያስከሰሱ ነው የደበቁኝ። ለሚወዱት ሰው ካልሆነ እንዲህ አይደረግም።» አንዱን ካርድ ወደ ሽማግሌው አዞረች። «ጋሼ፣ በየጭነቱ አንድ ካርቶን ተሰበረ ይላል ካርድዎ። ሁለት ተሰብሮ አያውቅም። ሳይሰበር የቀረበትም ጊዜ የለም። ለምን?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «አልተሰበረም። ከስድስት ዓመት በፊት ይሄው መርፌ ሁለት ወር ጠፋ። አራት እናቶች ሞቱ። ‹የለም› ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ከየጭነቱ አንድ አንድ እደብቃለሁ። ግን ከዚህ መርፌ የደበቅኩትም ከሁለት ሳምንት በፊት አልቆብኛል። ምን አገናኘው?»

«እትዬ፣ ይብቃ!» አለች አዋላጇ እያለቀሰች።

መርማሪዋ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጎኑ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ እንደ ካርዶቹ ሁሉ በጠንቃቃ እጅ፣ «ለክፉ ቀን» ተብሎ ተጽፏል።

ጋሽ ቁልፉ አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

«ዐምና...» አሉ። «ታምሜ ስተኛ። ቁልፉ እኔ ጋ ስለነበር፣ እኔ በሌለሁበት ቀን ችግር እንዳይገጥማችሁ ብዬ... እኔ ነኝ የሰጠሁሽ።»

አዋላጇ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ድኜ ስመለስ ረሳሁት። ካርድ አልነበረውማ! ካርድ ቢኖረው ቀኑን በየወሩ አነበው ነበር።»

ሽማግሌው መሳቢያውን ስበው አዲስ ካርድ አወጡ። ገቢ፤ አሥር ብልቃጥ። ብልሽት፤ የለም። ወጪ፤ ሁለት። ለማን የሚለው ላይ የልጃቸውን ስም ጻፉ። ቀሪ የሚለው ላይ እስክሪብቶው ቆመ፣ አልሄደም።

ከዚያ የቁልፉን ዘለላ ከወገባቸው ፈቱና ለፋርማሲስቷ ዘረጉላት።

«ይቅር በይኝ ልጄ። ወደ ግድግዳ የዞሩትን አውጪያቸው። ቀናቸውን አንብቢልኝ።»

ተንበርክካ የመጀመሪያውን አወጣች። ብርሃኑ ላይ አዞረችው።

«የሕፃናት ሽሮፕ ነው ጋሼ» አለች። «ሰባት ወር አልፎታል።»

ጻፉት።

«ቀጥይ» አሏት፤ ከግድግዳው ማዶ ሕፃኗ ታለቅሳለች።