ባለ ሦስት ቋጠሮው ገመድ

«ስኳር አልቋል» አለች ያለምወርቅ።

ጣሳው እስከ አፉ ሙሉ ነበር።

ደሴ ቀና አላለም። የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ቆየ። ስኳር አልቋል ማለት ሰው እየተከተለህ ነው ማለት ነው።

በሱዳኑ ገዳሪፍ ገበያ አብዱልናስር ይሉታል፤ ጆንያ ሻጭ፣ ጎንደሬ እስላም። ቤተ እስራኤሎችን በድብቅ እንዲያሻግር የላኩት ፈረንጆች «ማረሻ» ይሉታል። ደሴ መሆኑን እዚህ የሚያውቁት ሻይ ሻጯ ያለምወርቅና እናቱ በለጡ ብቻ ናቸው። እናቱ ያለችው ከከተማው ውጪ በስደተኞች ካምፕ ነው። ብታገኘው አላውቀውም እንድትል ታዛለች።

«ስንት ናቸው?»

«ሁለት። ሰሊጥ ከሚመዘንበት አጠገብ። አንዱ ጥቁር መነጽር አድርጓል።»

«ሎሪውስ?»

«ወፍጮው ጓሮ እየጫነ ነው። እማማ በለጡ ላዩ ላይ ወጥተዋል። ሰውዬውም ወጥቷል።»

ሰውዬው።

ከአሥር ዓመት በፊት ጎመንጌ በምትባል የቤተ እስራኤል መንደር፣ በሰንበት ቀን፣ ሽፍቶች የጸሎት ቤቱን በር ከውጪ ዘግተው በመስኮት ቦምብ ወረወሩ። የሣር ክዳኑንም አቀጣጠሉ። የደሴ አባትና ሁለት እኅቶቹ እዚያው ቀሩ። በለጡ የወር አበባዋ መጥቶ ከመንደሩ ዳር በመርገም ጎጆ ነበረች። ስለዚህ ተረፈች። የሽፍቶቹን አለቃ ቱርካን በዓይኗ አላየችም። ድምፁን ግን ሰማች።

«አትንኩኝ አይደል የምትሉት? እሳቱ ይንካችሁ!»

የጠየቀው ዳኛ የለም። ረኃቡ አገሩን ሲያስለቅቅ ቱርካም ወደ ሱዳን ተሻገረ። ቤተ እስራኤሎች በድብቅ ወደ ኢየሩሳሌም እንደሚወሰዱ ሰማ። ካሣ ነኝ፣ ከእናንተው ወገን ነኝ ብሎ ካምፕ ገባ። ሰንበቱን ጠበቀ። ጾሙን ጾመ። ሰው አመነው።

በለጡ አላመነችውም። አንድ ሽማግሌ ሲሞት፣ ሬሳውን አንሳልኝ አለችው። አነሳ። ከዚያ፣ ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ተለይቶ እንዲታጠብ ሕጉ ቢያዝም፣ ሳይታጠብ፣ ሳይለይ፣ መጥቶ እጁን ከሰው ገበታ ላይ ዘረጋ። በእርግጥ ሞት ስለበዛ ሕጉን የተወ ብዙ ነው። ይህ ብቻውን አያስፈርድም። እሷ ግን በሰው ፊት ተቆጣችው።

ሰውየው በገነ። «እናንተና ይኼ አትንኩኝ ባይነታችሁ!» አለ።

እናንተ አለ። በዚያው ድምፅ።

በለጡ ያን ቀን ለያለምወርቅ የላከችው ቃል አንድ ነው፤ «እሱ ነው።»

ደሴ ከኪሱ አጭር ገመድ አውጥቶ ከስኳር ጣሳው ሥር አስገባ። ሦስት ቋጠሮ አለው። ከሎሪው ኋላ ከታሰረ፣ ቀይ ባሕር ጠረፍ ላይ በመርከብ የሚጠብቁት ሰዎች ሰማያዊ ሻሽ ካሰረችው ሴት አጠገብ የተቀመጠውን ይይዛሉ። ካልታሰረ ቱርካ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ያልፋል።

ያለምወርቅ ጣሳውን ከነገመዱ አነሳች።

ረዳ መጣ። ሎሪ የሚያገናኘው ደላላ ነው፤ ከደሴ ጋር ዓመት ሲሠራ እንደ ተራ አሻጋሪ እስላም ነበር የሚያየው። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ! ገና ነህ? ሊነሱ ነው። ና እንሂድ።»

«የሸጥከኝ አንተ ነህ?»

ረዳ ሳቀ። ሳቁ ብዙ አልቆየም።

«መንገድ ላይ የወደቀ ሬሳ አነሳህ። ደግ አደረግህ። ከዚያ ሰባት ቀን ደጅ አደርክ። ከራስህ ጣሳ በቀር አልጠጣህም። በሰባተኛው ከነልብስህ ወንዝ ገባህ። እስቲ ንገረኝ፣ የትኛው እስላም ነው እንዲህ የሚያደርገው?»

ደሴ ዓመት ሙሉ ሲሰግድ አንድ ቀን አልተሳሳተም። የእናቱ ሕግ ነው ያሳበቀበት።

«ሎሪውንስ ለጸጥታ ሰዎቹ ነገርካቸው?»

«አብደሃል? ሎሪው እንጀራዬ ነው! የፈረንጆቹን ሰው አሳየን አሉኝ፤ አሳየሁ። በቃ።»

«አንተ ቂል። እዚህ ያልያዙኝ ለምን ይመስልሃል? የምሄድበትን ሊያዩ ነው። እኔ ወፍጮው ጋ ከሄድኩ እንጀራህን ይዘውልህ ይሄዳሉ። አንተንም ጨምረው።»

የረዳ ፊት አመድ መሰለ።

«ተነስና ሎሪህን አስነሳ። አሁን።»

ረዳ በርጩማውን ገልብጦ ሄደ። «ስኳር ላምጣ» ብላ ያለምወርቅ ተከተለችው።

ደሴ ራሱም በዚያ ሎሪ ላይ ቦታ ነበረው።

ሻዩን ጨረሰ። ወደ ዶካ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ማቆሚያ አቀና። ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዲያየው ሆኖ።

ኮቴ ተከተለው።

አልዞረም።

አውቶቡሱ ላይ ወጥቶ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ሁለቱ ሰዎች ከበሩ ቆሙ። በዚያው ቅጽበት ሎሪው በአቧራ ውስጥ አለፈ።

እናቱ ሰማያዊ ሻሿን አስራለች። ቱርካ ከጎኗ ነው። ከአቧራው እንዲከልላት የጋቢውን ጫፍ በትከሻዋ ላይ ጣለላት። እሷም አላወረደችውም። ወደ አውቶቡሱ አልተመለከተችም።

ገመዱ ከኋላ ይወዛወዝ ነበር።

ከዶካ ሳይደርሱ አወረዱት።

«ስምህ?»

«አብዱልናስር።»

የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ሰበሩ። እንደገና ጠየቁት። ያው አብዱልናስር ነው። በመጨረሻ ጆንያ ሻጭ ነው ብለው ለቀቁት። የላኩት ሰዎች ግን ደብዛቸው ጠፋ። አንዴ የታየ ሰው የሌላውን መንገድ ያጋልጣል፤ ስለዚህ ይተዋል። ይህን ሕግ እሱም ያውቀዋል።

ወራት አለፉ። ሰሊጥ ሲደርስ ዶካ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነ። ያለምወርቅ ወደ ገላባት ስታልፍ ከእርሻው ዳር ወረደች።

«ስኳር አለ?» አላት።

«ሞልቷል።» ጣቶቹን አየችና ዓይኗን ዘወር አደረገች። «ባሕሩ ዳር ያዙት። እማማ ኢየሩሳሌም ፍርድ ቤት ቆመው መሰከሩ። እንዲናገር ሲያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙትና ‹እሱ ነው› አሉ። የተረፉ ሌሎችም መሰከሩ። ተፈረደበት።»

ደሴ ማጭዱን ወደ ግራ እጁ አዛወረ።

«እማማ እንደደረሱ ማንንም አላቀፉም አሉ። ሰባት ቀን ለብቻቸው ተቀምጠው፣ ታጥበው ወጡ። ‹ያ ጋቢ ሬሳ ነው› ብለው።»

«ደግ አደረገች።»

«ልጄ የት ነው እያሉ ነው። ምን ልበላቸው?»

ደሴ ሰሊጡን አየ። ገና ብዙ ይቀራል።

«አላውቀውም በያት።»

«አብዱልናስር! ያላ፣ ቶሎ በል!» ብሎ የእርሻው አለቃ ተጣራ።

«አቤት» አለና ሄደ።