ሦስቴም መልሼ ነበር

ቪዲዮውን ያየ ሰው የትሁት እናት ሦስት ጊዜ ተጠርታ እንዳልሰማች ይናገራል። ሃያ ሁለት ሰከንድ ነው። እናትየዋ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። «እማ!» ይላል የትሁት ድምፅ። ዝም። «እማ!» ዝም። «እማዬ!» አሁንም ዝም። ከዚያ በትልልቅ ቀይ ፊደላት «ስክሪን ማንን ወሰደብህ?» የሚል ጽሑፍ ይመጣል።

የትሁት እናት ማስተዋል ደግሞ ሦስቴም መልሻለሁ ትላለች።

«ሦስቴም መልሼልሻለሁ» አለች ሐሙስ ከሥራ እንደገባች፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ። አልተቆጣችም። ትሁትን ይበልጥ ያስጨነቃትም አለመቆጣቷ ነው። «እስኪ አስታውሺ።»

«የት አየሽው?»

«እኔማ መች አየሁት። ዛሬ ፋይል ሊያስወጣ የመጣ ጎረምሳ መስኮቱ ላይ ተደግፎ ‹እትዬ፣ ሦስት ጊዜ ልጥራዎት ወይስ አንዴ ይበቃል?› አለኝ። የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ። አንድ ከዚሁ ከዝቋላ ወረዳ የመጡ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። ምን እንደሆነ ጠየቁና ነገሯቸው። ከዚያ አተኩረው አዩኝ።»

ማስተዋል ሰቆጣ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። የምትኮራበት ነገር ቢኖር ባለጉዳይ አለማመላለሷ ነው። ከሩቅ በእግሩ የመጣ ሰው ፋይሉን ሳያገኝ እንዳይመለስ ብላ ምሳዋን የተወችባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በመምህር አጥናፉ የክፍል ሥራ ነበር። ስክሪን ተመልካቹን እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ የሚያሳይ አምስት ደቂቃ ቪዲዮ እንዲያዘጋጁ ዘጠነኛ ክፍልን በቡድን በቡድን ከፈሉ። ዓርብ ሁሉም ቡድን እቅዱን ያቀርባል፤ እቅዱ የተመረጠለት ቡድን የትምህርት ቤቱን ብቸኛ ካሜራ ይረከባል። ትሁትና የቡድን ጓደኛዋ ባምላክ ለሙከራ ብለው ይህችን አጭር ቪዲዮ ቀረጹ። ባምላክ የክፍሉ ቴሌግራም ላይ ለጠፋት። ከዚያ በኋላ የት የት እንደደረሰች እነሱም አያውቁም።

እናቷ እውነቷን ነበር። መልሳለች። ግን የመለሰችው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በኽምጣና ነው። ልቧ ሌላ ቦታ ሲሆን ከአፏ የሚወጣው ከገዛ እናቷ ጋር ስታወራ ያደገችበት ቋንቋ ነው። ባምላክ አባቱ ለሥራ ተመድበው ከደብረ ታቦር ያመጡት ልጅ ስለሆነ ኽምጣና አይሰማም። ከስልኩ የሚወጣ የድራማ ድምፅ መሰለው። «ጉርምርምታውን አጠፋሁት፤ አሁን ጥርት አለ» ብሎ አሳያት። ትሁት መልሱ እንደጠፋ ወዲያው ገብቷታል። ልትናገር አፏን ከፈተች። ባምላክ ግን በሳቅ እየፈረሰ ነበር፤ እውነትም ያስቅ ነበር። አፏን መልሳ ዘጋች።

«መልሰሻል» አለች አሁን። «እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት።»

እናቷ ቦርሳዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። «በይ አሳዪኝ።»

ሁለት ጊዜ አየችው። በሁለተኛው ፊቷ ተለወጠ።

«ቀና አላልኩም» አለች።

«እ?»

«መልሻለሁ፤ ግን ቀና ብዬ አላየሁሽም። ሦስቴ ስትጠሪኝ!» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። «ለመሆኑ ምን እያየሁ ነበር?»

«ድራማሽን። ልጅቷ ከሆስፒታል የጠፋችበትን ክፍል።»

«አዎ፣ ያቺ ነገረኛ!» ሁለቱም ሳይፈልጉ ሳቁ። እናቷ ቀድማ ሳቋን ዋጠችው። «ይሄ ይታይብኝ፤ የራሴ ጥፋት ነው። ያላደረግኩትን ግን መስኮት ላይ ቆሜ አልሸከምም፣ ትሁቴ።»

በማግስቱ ጠዋት ባምላክ የትምህርት ቤቱ በር ላይ እየጠበቃት ነበር።

«አራት መቶ ሰው አይቶታል፣ አራት መቶ! ካሜራው የኛ ነው በቃ።»

«የእናቴን መልስ ቆርጠነዋል።»

«የምን መልስ?»

«ጉርምርምታ ያልከው ኽምጣና ነው። ‹ወዬ ልጄ› ነው የምትለው።»

ባምላክ ቆመ። «ማርያምን በይ! እኔ እኮ ድራማው መስሎኝ… ቆይ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«አሪፍ ሆኖ ነበራ።»

ባምላክ ጭንቅላቱን አከከ። «አሁን ብንናገር እኮ ሙድ ነው የሚይዙብን። ‹ስክሪን ያታልላል ሊሉ ወጥተው ራሳቸው አታለሉ› ይሉናል። ካሜራውም ለሌላው ቡድን ለእነ ሊድያ ይሄዳል።»

«ያልተቆረጠው አለህ?»

«ሜሞሪዬ ሞልቶ ዛሬ ላጠፋው ነበር።» ስልኩን አውጥቶ ኢርፎኑን ሰካ፤ አንዱን ጆሮ ለእሷ ሰጣት። አጥሩን ተደግፈው አዳመጡ። ከየጥሪው በኋላ ያ ዝቅ ያለ ድምፅ ይመጣል።

«ሦስተኛው ላይ ሌላ ነገር ነው ያለችው» አለ ባምላክ። «ረዘም ይላል።»

ትሁት መልሳ ሰማችው። ሦስተኛው ወዬ አልነበረም። «‹መጣሁ› ነው ያለችኝ» አለች ቀስ ብላ። እናቷ ግን ድራማው እስኪያልቅ ከወንበሯ አልተነሳችም ነበር።

ደወል ተደወለ።

እነ ሊድያ ቀድመው አቀረቡ። በየቤቱ እየዞሩ ሰዎች በቀን ስንት ሰዓት ስልክ እንደሚያዩ ሊጠይቁ ነው። ተጨበጨበላቸው። ቀጥሎ የእነ ትሁት ተራ ሆነ። ባምላክ አያት። «አንቺ ተናገሪ» አለ፤ ስለተቆረጠው መልስ ግን እሺም እምቢም አላለም።

ገና ስትነሳ ከኋላ አንዱ ድምፁን አቅጥኖ «እማ! እማ! እማዬ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

«ጸጥታ!» አሉ መምህር አጥናፉ። «እሺ ትሁት፣ እቅዳችሁን አሰሙን።»

ትሁት ዴስኩን ያዘች።

«ያያችሁት ቪዲዮ የተቆረጠ ነው» አለች። «እናቴ ሦስቴም መልሳልኛለች። መልሷ እንደተቆረጠ እያወቅኩ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ዝም ያልኩት ስለሚያስቅ ነው፤ እናንተም ደጋግማችሁ ያያችሁት ስለሚያስቅ ነው።»

መምህር አጥናፉ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ባምላክ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ዴስኩ ላይ፣ በእሱና በእሷ መካከል አኖረው።

«የእኛ ቪዲዮ ከዚህ ይጀምራል» አለች ትሁት። «መጀመሪያ የተቆረጠውን፣ ቀጥሎ ያልተቆረጠውን እናሳያለን፤ እናቴ የምትለውንም እናሰማለን። ካሜራው ለእነ ሊድያ ከሆነም፣ በባምላክ ስልክ እንሠራዋለን።»