የረቡዕ ከሰዓት ዝሆን

የማስታወቂያ ለጣፊው የኡ ፖ ሉን አስከሬን ረቡዕ ማለዳ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ሥር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። መሰላሉ አጠገቡ ወድቋል፤ የሙጫ ባልዲው ተገልብጧል። ከበላዩ የእንግሊዝ መንግሥት ማስታወቂያዎች እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርበዋል፦ ጠመንጃ ያለው ያስመዝግብ፣ ውሻ ያለው ይሰር፣ በወንዙ ዳር እንጨት የሚቈርጥ ይቀጣል። ሁሉም «ለሕዝብ ይገለጻል» ብለው ይጀምራሉ፤ ሕዝቡ ግን ማንበቡን ከተወ ቈይቷል።

መርማሪው ኡ ታ ዛን የታመመ ጉልበቱን እያሻሸ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። በኢራዋዲ ወንዝ ዳር ባሉ ወረዳዎች ሃያ ሰባት ዓመት አገልግሏል፤ ከዚያ ሁሉ ዘመን የተረፈው ትዕግሥትና ድካም ነበር። በሟቹ ማጅራት ላይ ጠባብና ረጅም ቍስል አየ። ከመሰላል የወደቀ ሰው እንዲህ አይቈስልም። ቀጥሎ እጆቹን ገለበጠ። ኡ ፖ ሉን ብሩሽ አይወድም ነበር፤ ወረቀቱን የሚያለሰልሰው ሙጫ በነካ ባዶ መዳፉ ነው። መዳፎቹ ግን ንጹሕ ነበሩ፤ በጥፍሮቹ ሥር ብቻ የደረቀ የወረቀት ብጥስጣሽ ተሰግስጓል።

«እየለጠፈ አልነበረም፤ እየላጠ ነበር» አለ ለራሱ።

የተላጠውን ለማግኘት ብዙ አልፈለገም። ጣሪያው ከፀሐይም ከዝናብም በሚጋርደው የሰሌዳው ጥግ የአንድ ማስታወቂያ ግራ ጠርዝ ተቦጭቋል። ወረቀቱ የመበለቲቱ የዶ ሴይን የወንዝ ዳር ማሳ ለመርከብ ማረፊያ እንደሚወሰድ፣ ተቃውሞ ያለውም ከተለጠፈበት ቀን አንሥቶ በአራት ሳምንት ውስጥ እንዲቀርብ ይናገራል። በግርጌው፣ ሟቹ ዘወትር እንደሚያደርገው፣ ቀኑ በእርሳስ ተጽፎ በአገሩ ልማድ የሳምንቱን ቀናት ከሚወክሉት ስምንት አራዊት አንዱ ተሥሏል፤ የረቡዕ ዝሆን ነው። ቀኑ የዛሬ አራት ሳምንት ረቡዕ ነበር። እንግዲህ ቀጠሮው ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል።

የመበለቲቱ ልጅ ማውንግ ትዌ ደግሞ ገና በንጋት ታስሯል። ትናንት በገበያው መካከል ሟቹን አንቆት ነበርና፣ ወጣቱ እንግሊዛዊ ሹም በአሥር ሰዓቱ መርከብ ወደ አውራጃው ወኅኒ እንዲላክ አዝዟል። በነፍስ ግድያ ተከሶ ወደዚያ ከተጫነ ገበሬ ተመልሶ የመጣ ኡ ታ ዛን አላየም።

«ለምን አነቅኸው?» ሲል ጠየቀው።

«አራት ሳምንት ደብቆን ነዋ፣ አጎቴ» አለ ወጣቱ፣ በአገሩ ልማድ ታላቁን በአክብሮት ሲጠራ። «ቀያሹ ትናንት ካስማ ሊተክል መጥቶ 'ነገ ያልቃል' አለኝ። እናቴ በዚህ ሰሌዳ ፊት በየገበያው ታልፋለች።»

«እሱስ ምን አለ?»

«'እኔ አልለጠፍኩም' አለ። ስለቀው አስሎ አስሎ፣ 'ይልቅ ልሂድና ልየው፣ አንተ የጎሽ ልጅ' ብሎ ሰደበኝ።» ወጣቱ አንገቱን ደፋ። «መጨረሻ የሰማሁት እሱን ነው።»

ከሰሌዳው ፊት ለፊት የሚታኘክ ቅጠል የምትሸጠው ማ ንዩንም ከሟቹ ጋር ጠብ ነበራት፤ በሱቋ በር ላይ ሦስት ጊዜ ማስታወቂያ ለጥፎባታል። አልካደችም።

«እጁን እሰብረዋለሁ ብያለሁ፤ ስለ ጭንቅላቱ ግን ያልኩት የለም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትናንት ማምሻውን ያንን ወረቀት ከአፍንጫው ጋር አስጠግቶ አየና ሳቀ፣ አጎቴ። ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው። እንደሳቀ ወደ ጸሐፊው ቢሮ ገባ። እኔም ዘግቼ ሄድኩ።»

ዋና ጸሐፊው ኡ ባ ቺት ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ በራንጉን አዳሪ ትምህርት ቤት ያደገ፣ ጫማውን ለየትኛውም ቤተ መቅደስ እንደማያወልቅ የሚመካ ሰው ነው። ኡ ታ ዛን ሲገባ በመጽሐፍ ጠርዝ እየተመራ መሥመር ያሰምር ነበር። ሟቹ የመጣው ዕረፍት ሊጠይቅ እንደሆነ ተናገረ።

«ማስታወቂያውስ መቼ ተለጠፈ፣ ጌታው ጸሐፊ?»

«ቀኑ ተጽፎበት የለም? በዚያ ረቡዕ በመርከቡ መጣ። መርከቡ መቼም ከአሥር ሰዓት በፊት ደርሶ አያውቅም። ፀሐይ ሳትጠልቅ በዓይኔ እያየሁ ለጠፈው። ምልክቱም አለ፤ ያ የመሃይም ፊርማው።»

ኡ ታ ዛን አመስግኖ ወጣና በሰሌዳው ፊት ቆሞ በወረቀቶቹ ጠርዝ የሚርመሰመሱትን ጕንዳኖች ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉንም ሰሌዳው ሥር ሰበሰባቸው። ሹሙ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤ ዶ ሴይን ልጅዋ የታሰረበትን ገመድ ጫፍ ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች። መርማሪው ለማ ንዩን፣ ለማውንግ ትዌና ለጸሐፊው አንዳንድ ብጣሽ ወረቀትና እርሳስ ሰጠ።

«የዛሬን አውሬ፣ በዚህች ሰዓት እንዳለ፣ ሣሉልኝ። አንዱ የሌላውን እንዳያይ።»

«የሕፃን ጨዋታ ነው» አለ ጸሐፊው፤ ግን ሣለ።

ኡ ታ ዛን ሦስቱን ወረቀቶች ለሹሙ ዘረጋ። ሦስቱም ዝሆን ነበሩ፤ የማ ንዩን እንደ ድንች የተድበለበለ፣ የታሳሪው እጁ ስለታሰረ የተንጋደደ። የሁለቱ ዝሆኖች ጥርስ አልነበራቸውም። የጸሐፊው ዝሆን ሁለት ረጃጅም ጥርሶች አሉት።

«በእኛ ዘንድ ረቡዕ ሁለት ነው» አለ መርማሪው በደከመ ድምፅ። «እስከ ቀትር ጥርስ ያለው ዝሆን፣ ከቀትር በኋላ ጥርስ የሌለው። ስለዚህ ነው ሰባቱ ቀናት ስምንት አራዊት ያሏቸው። ቅጠል ሻጭም ገበሬም ያውቀዋል። ኡ ፖ ሉን ከመርከቡ የመጣውን ሁሉ የሚለጥፈው ረቡዕ ከሰዓት ስለሆነ፣ በዚህ ሰሌዳ ላይ ያሉት የረቡዕ ዝሆኖች ሁሉ ጥርስ የላቸውም። ከአንዱ በቀር።»

ጣቱን ወደ ጥጉ ቀሰረ።

«ይህን የሣለው ልማዱን የማያውቅ ሰው ነው፤ ሟቹ ያንን አይቶ ነው የሳቀው። ጕንዳኖቹንም እዩ። እሱ በሩዝ ሙጫ ነው የሚለጥፈው፤ ጕንዳን የሁሉንም ጠርዝ በልቶታል። ይህኛው የተለጠፈው በቢሮ ሙጫ ነው፤ አንዲት እንኳ አልነካችውም። ማስታወቂያው በመሳቢያ ውስጥ ከርሞ በቅርቡ ወጣ፤ ተቃዋሚ ሳይቀርብ ማሳው የመንግሥት እንዲሆን። ማረፊያውን ለማስተዳደር ያመለከተው ማን ነው? የጸሐፊው የእኅት ባል። ኡ ፖ ሉን ነገሩን ለሹሙ እንደሚነግር ተናግሮ ወረቀቱን ሊያወርድ ወጣ፤ ከኋላው ተመታ። መሰላሉና የሙጫ ባልዲው ከዚያ በኋላ ተጣሉ።»

«በምን ተመታ?» አለ ሹሙ።

«ጸሐፊዎ ዛሬ በመጽሐፍ ጠርዝ ነው የሚያሰምረው። ማስመሪያውን፣ ያንን ከባዱን ጥቍር እንጨት፣ ፖሊሶቼ ከጓሮው የዝናብ በርሜል አውጥተውታል።»

ጸሐፊው በእጁ የቀረውን እርሳስ ብዙ ጊዜ አገላበጠ።

«ቢጮኽብኝ ዝም እለው ነበር» አለ በመጨረሻ። «እሱ ግን መሰላሉ ላይ ሆኖ እንኳ ይስቅ ነበር። 'አገርህን የማታውቅ' አለኝ።»

ገመዱ ከማውንግ ትዌ እጅ ተፈትቶ በሌላ እጅ ታሰረ፤ መርከቡም ጸሐፊውን ጭኖ ሄደ። ሹሙ የሐሰቱ ቀን ተሽሮ ማስታወቂያው እንደ ገና እንዲለጠፍ ፈረመ። ለጣፊ ስላልነበረ ኡ ታ ዛን ራሱ ሙጫ አስቀቅሎ፣ በታመመ ጉልበቱ መሰላሉን ወጣ። ዶ ሴይን ከሥሩ ቆመች።

«ማሳው ተረፈልን ማለት ነው፣ ወንድሜ?»

«ከዛሬ ጀምሮ አራት ሳምንት አለሽ፣ እታለም።»

«ከዚያስ?»

ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን አንብቧል፤ በተቃውሞ የተሻረ ወረቀት ግን ትዝ አላለውም። ወረቀቱን በመዳፉ አለሰለሰ፤ ቀኑን ጻፈ፤ በግርጌውም ጥርስ የሌለው ዝሆን ሣለ። ከመሰላሉ ሳይወርድ የመጀመሪያዋ ጕንዳን ጠርዙን ስትቀምስ አያት።