የጉሮሮ ማር

በሰንደራ ቤተ መንግሥት የተሰቀለው ታላቁ ነጋሪት ማንም ሳይነካው ተቀደደ። በዚያው ጠዋት የአርማ ወንዝ ደረቀ። ወይ ጉድ! ያን የሚያህል ወንዝ ዓሣውን ጭቃ ላይ ጥሎት ጠፋ።

ምክንያቱን የማያውቅ አልነበረም፤ ደፍሮ የሚናገር ግን ታጣ። የወንዙ ጠባቂ ዠርባ የሚባል ክንፋም አንበሳ ነው። በየዓመቱ አርባ አዝማሪዎች ወደ ዋሻው ወጥተው የሀገሩን ደግና ክፉ ሳይሸሽጉ ይዘፍኑለታል፤ እሱም ውሃውን ይለቃል። ታዲያ ዠርባ እውነተኛ ዘፈን ሲሰማ የዘፋኙን ድምፅ ይጠጣል። አርባ ሆነው ሲካፈሉት ለጥቂት ቀን ጉሮሯቸው ይዘጋል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ለዚህም ነው የሰንደራ ቤት ሁሉ ለመንግሥት ግምጃ ቤት «የጉሮሮ ማር» የሚያስገባው። አዝማሪው በእሱ ይድናል፣ ይኖራል፣ ተማሪም ያሠለጥናል። ንጉሡ ማሩን ያከፋፍላል እንጂ ምን እንደሚዘፈን አይመርጥም። እንዲህ ያለ ሕግ ያለው ሀገር እስቲ ሌላ የት አለ?

ንጉሥ ዶርዛን ግን ልቡ አብጦ፣ «የግምጃ ቤቴን ማር የሚልስ ሁሉ እኔን ያወድስ!» ብሎ አወጀ። እምቢ ያሉት ተሰደዱ። በዚያ ዓመት ወደ ዋሻው የወጣው ውዳሴ ብቻ ነበር፤ ዠርባም ተቆጥቶ ውሃውን ዘጋ።

እምቢ ብላ በከተማው የቀረች አንዲት ወጣት ነበረች፤ ዜማወርቅ ትባላለች። መሲንቆዋን አንግታ ንጉሡ ፊት ቆመች።

«ጃንሆይ፣ እኔ እወጣለሁ።»

«ብቻሽን? ድምፅሽን ጨርሶ ይጠጣዋል እኮ!»

«አውቃለሁ። ጉዳቱን የሚካፈሉኝን እርስዎ በተኗቸው።»

አዋጁን ያረቀቀው የግምጃ ቤቱ ሹም፣ በጅሮንድ መንበሩ፣ ከመቀመጫው ተነሣ። «በአርማ ውሃ እምላለሁ፤ ከዋሻው ደጅ ሳላደርሳት አልመለስም!» አለ። የዘበኞች አለቃ ሻለቃ ግርሻም ጦሩን አንሥቶ አብሯቸው ወጣ።

ገደሉን ሲወጡ በጅሮንዱ ማለክለክ ጀመረ። «በጅሮንድ፣ ያ ሁሉ ማር እርስዎ ሆድ ገባ እንዴ?» ብላ ዜማወርቅ ሳቀችበት። ከገደሉ ጠባብ መተላለፊያ ላይ የድንጋይ ጅቦች ሲዘሉባቸው ግን መሳቅ ቀረ። ግርሻ ብቻውን መክቶ፣ ግራ ክንዱን ቢያጣም አሳለፋቸው። ጀግና ማለት እሱ ነው!

በጅሮንዱም እንደ መሐላው ከዋሻው ደጅ አደረሳት። ከውስጥ ዠርባ ተኝቶ ያጉረመርማል። ዜማወርቅ ፈራች። ቢሆንም መሲንቆዋን ቃኘች። የንጉሡን ትዕቢት ዘፈነች፤ የአወዳሾቹን ፍርሃት ዘፈነች፤ የቀረቻቸውን ውሃ ለጎረቤት ያካፈሉ እናቶችንም አነሣች። በየስንኙ ድምፅዋ እየሳሳ ሄደ። የመጨረሻውን ቃል፣ «ሰንደራ» የሚለውን፣ በትንፋሽ ብቻ አወጣችው። ዠርባ ክንፉን ዘረጋ፤ ውሃውም እያስገመገመ ወረደ።

ዶርዛን ወንዙ ዳር ተንበርክኮ ተቀበላት። አዋጁን ሽሮ የጥንቱን ሕግ በድንጋይ አስቀረጸ፤ የተሰደዱትንም አስጠራ። በዓመቱ አርባዎቹ ዋሻው ደጅ ላይ የንጉሡን ጥፋት አንድ ሳያስቀሩ ሲዘፍኑ፣ የማሩን እንስራ ተሸክሞ የቆመው ራሱ ንጉሡ ነበር።

ከዚያ ሲመለሱ የሰንደራ ሰው ማሰሮ ማሰሮውን ይዞ ከዜማወርቅ ደጅ ተሰለፈ።

«ከእንግዲህ እኮ አትዘፍንም» አለ አንድ እንግዳ።

«ዘፍናልናለች እኮ!» ብላ አንዲት ሴትዮ አፈጠጠችበት።

ንጉሥ ዶርዛንም ከገዛ ቀፎው የቆረጠውን ማር ይዞ ሰዉን እየገፋ ወደ ፊት አለፈ። ዜማወርቅ አየችውና በእጇ ወደ ሰልፉ ጅራት አመለከተችው። ንጉሡም ሄዶ ተራውን ጠበቀ።