ሃሌታውና ሐመሩ

የገበሬው የክብሩ ሬሳ የተገኘው ጫኖ መንደር፣ ሐመሩ ሐ በተባለው የመስኖ በር ሥር ነው። ደለል ሊጠርግ ቱቦ ውስጥ እንደገባ ውሃ ተለቀቀበት።

አራቱ በሮች ከጥንትም በፊደል ይጠራሉ፤ ሃሌታው ሀ፣ ለ፣ ሐመሩ ሐ፣ መ። የሚከፈቱት ግን ከቢሮ በኮምፒውተር ነው።

ከሴቻ ከተማ የወረደችው መርማሪ ሻሺቱ ሦስቱን የቢሮ ሠራተኞች ቃላቸውን በእጃቸው አጻፈቻቸው። በር ከፋቹ ዘካሪያስ ታስሯል፤ በዚያው ሳምንት ከክብሩ ጋር በውሃ ተራ ተጣልቶ ነበር።

«የከፈትኩት ሃሌታውን ነው» አለ።

«ውሃው የመጣው በሐመሩ ነው፣ ወንድሜ።»

«እሱን እንግዲህ ውሃውን ይጠይቁት።»

የበሮቹን የኮምፒውተር ኮድ የምትጽፈው መቅደስ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። ቀና ብላ ዘካሪያስን ማየት አቃታት።

በማግስቱ ሻሺቱ ሁሉንም በሩ ዘንድ ሰበሰበች፤ የሟች ሚስት ሸዋነሽም መጣች። መርማሪዋ ቱቦው ባዶ መሆኑን አይታ ላፕቶፑን ለዘካሪያስ ሰጠችው።

«ሃሌታውን ክፈት።»

በላቲን ፊደል «Ha1» የሚለውን ነካ። ውሃው በሐመሩ ተንዶለዶለ።

«ከሦስት ሳምንት በፊት ኮዱ የበሮቹን ስም ወደ ላቲን በሚለውጥ ፕሮግራም ወደ አዲሱ ሥርዓት ተዛወረ» አለች ሻሺቱ። «ለላቲን ፊደል ሀ እና ሐ አንድ ናቸው። መለወጫው ፋይሉ ውስጥ ቀድሞ ያገኘውን ሐመሩን ‹Ha1›፣ ሃሌታውን ‹Ha2› አላቸው። ከዚያ ወዲህ በሮቹ ለጥገና ተዘግተው ስለነበር ማንም አልሞከራቸውም። ማሽን የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ ‹የላይ ማሳ በር›፣ ‹የማንጎው በር› ብሎ ስም የሚያወጣው ሰው ነው።»

«ይህን ማን ያውቃል ብለሽ ነው?» አለ የቢሮው ኃላፊ ይፍሩ።

«አንድ ሰው ያውቅ ነበር። ኮዱ ውስጥ ‹ስሙ ያሳስታል፤ ሗላ ይስተካከል› የሚል ማስታወሻ አለ። እርስዎ በሰጡኝ ቃል ‹ኋላ›ን በብዙኃኑ ኀ ጽፈዋል። ዘካሪያስም እንዲሁ። በሐመሩ ሐ ‹ሗላ› ብሎ የጻፈ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

መቅደስ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣች።

«እኔ ነኝ። እሱ ሲታሰር ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ዘካሪያስ ፊቱን አዞረ። ሸዋነሽ ግን ጠጋ አለቻት።

«ለበሮቹ ስም ማውጣት ስንት ቀን ይፈጃል፣ እህቴ?»

መቅደስ መሬት መሬት እያየች መለሰች።

«ለአራቱም… አሥር ደቂቃ።»

ሸዋነሽ በማሳው መሀል ወደ ቤቷ ሄደች። መቅደስ ግን የሸዋነሽን እርግማን እዚያው ቆማ ትጠብቅ ነበር።