የአንድ ስም ግድግዳ

ዳኛው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ፊታቸው ታጥቧል፤ ቅንድባቸው ሥር ግን የጄሶ ፍርፋሪ ቀርቷል።

መርማሪዋ ስትደርስ ሻምበሉ ዘፋኟን በካቴና አስሮ መኪና ውስጥ ሊያስገባት ነበር።

«ቆይ እስቲ ሻምበል፣ ምን አጣደፈህ?»

«ትናንት ‹አንቆ የሚገድል ይዘዝብዎ› ስትላቸው ሰው ሁሉ ሰምቷል። ዛሬም መጨረሻ የገባችው እሷ ናት። ምን ቀረ?»

«የቀረውን አብረን እንየዋ።»

የአዳራሹ ግድግዳ በጄሶ ፊቶች ተሞልቷል። ጄኔራሉ፣ መሐንዲሱ፣ ደራሲው፣ ሁሉም አንድ የቤተሰብ ስም የያዙ ዝነኞች ናቸው። ስም እንጂ ደም አላገናኛቸውም ይባላል። አብዛኞቹም ሞተዋል። ማን እንደሚሰቀልና ማን እንደሚወርድ የሚወስኑት ዳኛው ነበሩ። ስሙን ከያዙት በሕይወት የቀሩት ሐኪሙ፣ ዘፋኟና ፊቶቹን የሚሠራው ቀራፂ ናቸው።

ሐኪሙ አስከሬኑን አይቶ ቀና አለ።

«ታፍነው ነው የሞቱት። ዓይናቸው ደም ቋጥሯል። እኔ እስካሁን ቀዶ ጥገና ላይ ነበርኩ፤ ነርሶቹን ይጠይቁ። በሽተኛውን ይተዉት፣ ተኝቶ ነበር።»

«ዳኛው ከማን ጋር ተጣልተው ነበር?»

«ከማን ጋር ያልተጣሉት አለ? ነገ ደግሞ መሐንዲሱን ከግድግዳ ሊያወርዱት ነበር። የሠራው ድልድይ ሰው ይዞ ወድቆ የለ?»

ዘፋኟ እንባዋን በታሰረ እጇ ጠረገች። «እትዬ፣ ፊቴን ጄሶ ካስነከሩኝ በኋላ ‹ዘፋኝ ከጄኔራል ጎን አይሰቀልም› አሉኝ። ተሳድቤያለሁ፣ አልክድም። ዛሬ ግን ይቅርታ ልጠይቅ ስገባ ሞተው አገኘኋቸው። እኔ ከታሰርኩ ልጄ ማን አላት?»

ቀራፂው እጁን በሽርጡ እየጠረገ ቀረበ። «እኔ ፊታቸውን በጄሶ አንስቼ፣ አጥቤያቸው በሰላም ተለያየን። እንዲያውም ‹ውሃህ ቀዘቀዘ› ብለው ስቀዋል። እሷ ከእኔ በኋላ ነው የገባችው። ይኸው ፊታቸው የታተመበት ቅርጽ ማውጫ፣ ገና ጄሶ አልቀዳሁበትም።»

መርማሪዋ ቅርጽ ማውጫውን ወደ መስኮቱ ወስዳ ውስጡን ለረጅም ጊዜ መረመረች። ከመደርደሪያው የሐኪሙንና የዘፋኟን አውርዳ ከጎኑ አስቀመጠች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተር፣ ጄሶው ፊትዎን ሲሸፍነው በምን ተነፈሱ?»

«አፍንጫዬ ውስጥ ሁለት ቀጭን ቱቦ ሰክቶልኝ ነዋ! ዝሆን መስዬ ነበር።»

«እኔንም እንደዚያው» አለች ዘፋኟ።

«አዎ፣ በሁለታችሁም ላይ የቱቦው ቀዳዳ ይታያል። የዳኛው አፍንጫ ግን ድፍን ነው።»

ቀራፂው ፈጠን ብሎ «እሳቸው በአፋቸው ነው የተነፈሱት» አለ።

«አፋቸውም ድፍን ነው። ጄሶ እስኪጠነክር ድረስ ሳይተነፍስ የሚቀመጥ ሕያው የለም።» ወደ ግድግዳው ጠቆመች። «አብዛኞቹን ያነሳሃቸው ከአስከሬን ላይ ነው። ለሬሳ ቱቦ አይሰካም። ዛሬም እጅህ የለመደውን ሠራ። ‹በሕይወት ትቻቸው ወጣሁ› ለማለት ያዘጋጀኸው ማስረጃ መልሶ መሰከረብህ።»

«ሌላ ሰው ገድሏቸው ቢሆንስ?» አለ ሻምበሉ።

«እንዲያማ ቢሆን ሬሳ አጥቦ ‹ሳቁ› አይለንም ነበር። አሁን ንገረኝ፣ ነገ ሊወርድ የነበረው መሐንዲሱ ምንህ ነው?»

ቀራፂው ሽርጡን ፈትቶ ጣለ። «አባቴ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ለእሱ የቀረችው ስም ያቺ ግድግዳ ላይ ያለችው ብቻ ናት። ነገ በመዶሻ እንዳወርደው እኔኑ አዘዙኝ። በገዛ እጄ! በሥራ ጨርቄ አፈንኳቸው።»

ከዘፋኟ የተፈታው ካቴና ሳይቀዘቅዝ ቀራፂው እጅ ላይ ገባ። እሷ አንጓዋን እያሸች በሩ ላይ ቆመች።

«ወንድሜ፣ ድልድዩንስ ሰው አንድ ቀን ይረሳው ነበር» አለችው። «ከእንግዲህ ግን አባትህ የነፍሰ ገዳይ አባት እንጂ ሌላ ምን ተብሎ ይጠራል?»

ቀራፂው ቀና ብሎ ግድግዳውን ለማየት አልደፈረም።