የሁለቱ እህትማማቾች ካሴት

ኡሙሀኒ ፊልሙን እያወራች ጎርፉ ላይ ስትደርስ ከሚያዳምጧት ልጆች አራቱ ተነሥተው ሄዱ።

«ወዴት ነው?» አለች፣ የውሃውን ከፍታ ልታሳይ ያነሣችው እጇ እዚያው አየር ላይ እንደቀረ።

«ወለተሐና ጋ» አለ ሰላሀዲን፣ እሱም ሱሪውን እያራገፈ። «አጎቷ ከአሰብ ደብዳቤ ልኮላታል። ፊልሙ በካሴት ወጥቷል አሉ። እስከ ቅዳሜ ይዞላት ይመጣል። ታዲያ አንቺ ምን ያለፋሻል? ራሱን ልናየው አይደል!»

ከክፍላቸው ልጆች ያንን ፊልም ያየች ኡሙሀኒ ብቻ ነበረች። ከአራት ዓመት በፊት መርካቶ አክስቷ መሪማ ጋ በሄደችበት ክረምት ሲኒማ ቤት ገብታ አይታዋለች። የድሮ የሕንድ ፊልም ነው። ርእሱን ማንም ስለማያውቀው «የእህትማማቾቹ» ይሉታል። ከዚያ ወዲህ በእረፍት ሰዓት ፀሐይ በሚያርፍበት የትምህርት ቤቱ ግንብ ሥር ተቀምጣ ታወራዋለች፤ ትዘፍናለች፣ ትደንሳለች፣ ታለቅሳለች። ፊልሙን በዓይናቸው ያላዩ ልጆች ታላቋ ትበልጣለች ታናሿ በመልክ እየተባባሉ እስከመጣላት ደርሰው ነበር።

ወለተሐና ደግሞ የልብ ጓደኛዋ ናት። የቄስ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ሁልጊዜ ከፊት ተቀምጣ «እሺ፣ ከዚያስ?» የምትል። አሁን ግን በሰው ተከባ ደብዳቤ ታነባለች። ኡሙሀኒ ከግንቡ ሥር ሆና አየቻትና ቀናች። ሌላ ስም የለውም፣ ቀናች። ያች ምን አድርጋ ነው? ዘፈኑን አንድ መስመር እንኳ መያዝ የማትችል ልጅ!

ቅናቱ ደግሞ ፍርሃት ነበረበት። ፊልሙ በሕንድኛ ስለሆነ ኡሙሀኒ ንግግሩን በግምት እንደምትተረጉም ሁሉም ያውቃል። የማያውቁት ሌላ ነው። ያን ቀን ጎርፉ ሁለቱን እህትማማቾች ሲለያያቸው አክስቷ «ሰዓት እላፊ ሳይደርስብን» ብላ እጇን ይዛ ከሲኒማ ቤቱ አወጣቻት። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ የታላቋን መታወር፣ ድልድዩ ላይ በድምፅ መተዋወቃቸውን፣ ሁሉንም ኡሙሀኒ ናት የፈጠረችው። ወደ ደብረ ብርሃን ስትመለስ አውቶቡሱ ከሸኖ ተነሥቶ ጫጫ እስኪደርስ ጨርሳዋለች።

የቀበሌው ወጣት ማኅበር ለንቃት ትምህርት የመጣውን ቪዲዮ ማጫወቻ ለቅዳሜ ከሰዓት ፈቀደ። ከተማው የሚያወራው ስለዚሁ ብቻ ሆነ፤ ቢያንስ ለኡሙሀኒ እንደዚያ ነበር የመሰላት።

ማክሰኞ አባቷ ለዐስር ሰላት መስጊድ ሲሄድ ሱቁን እሷ ትጠብቅ ነበር። ሱቁ መንገድ ዳር ስለሆነ ሹፌሮች የሰው አደራ የሚያስቀምጡት እዚያ ነው። በጣርማበር በኩል የመጡ የጭነት መኪናዎች በሰልፍ ሲያልፉ አንዱ ፍጥነቱን ቀነሰና ሹፌሩ በመስኮት ብቅ አለ። የወለተሐና አጎት ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺን ለወለተሐና ስጪልኝ። ኮንቮይ ላይ ነኝ፣ መቆም አልችልም» ብሎ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አቀበላት።

«እሺ ጋሼ ገብረ ጻድቅ» አለች።

ጋዜጣውን በጣቷ ገለጥ አድርጋ አየችው። ካሴቱ ነው። አባቷ ሳይመለስ ከጨው ጆንያዎቹ ጀርባ ደበቀችው። ዛሬ ብቻ፣ አለች ለራሷ።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ወለተሐና ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ንፋሱ ዓይኗን አስለቅሷታል።

«ኡሙዬ፣ ጋሼ አላለፈም?»

«አላየሁትም።»

ሐሙስም መጣች፣ ሐሙስም ያንኑ መለሰችላት። ልጆቹ ወለተሐናን መጠራጠር ጀመሩ። ወደ ግንቡ ሥር አንድ በአንድ ተመለሱ፣ ኡሙሀኒም ከመቼውም ይልቅ አሳምራ አወራችላቸው። ደስ አላት። ደስታው ግን እንደማያጠግብ ምግብ ነበር፤ ዓይኗ በየመሃሉ ከፊት ያለውን ባዶ ቦታ ያያል።

ዓርብ ጠዋት ሰላሀዲን «የቄስ ልጅ ስለ ካሴት ምን ታውቃለች? ጉራዋን ነው፣ ፋራ!» አለ። ሁሉም ሳቁ። ኡሙሀኒም ሳቀች። ቀና ስትል ወለተሐና ከኋላቸው ቆማለች።

ያን ቀን ከሰዓት ወለተሐና ወደ ሱቁ አልመጣችም። ከመንገዱ ማዶ፣ ፊቷን ወደ ጣርማበር አዙራ ቆመች። መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቷን ትሰግጋለች። ሱቁን አንዴም ዞር ብላ አላየችም። ኡሙሀኒ ሩብ ሰዓት ያህል ከባንኮኒው ኋላ ሆና አየቻትና አባቷን «መጣሁ» ብላ ካሴቱን በነጠላዋ ሸፍና መንገዱን ተሻገረች።

«ይኸው» አለች።

ወለተሐና መጀመሪያ ጋዜጣውን፣ ቀጥሎ እሷን አየች። ከዚያ ካሴቱን ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። የጠዋቱን ሳቅ የረሳችው መሰለች።

«ልሞት ነበር እኮ! ቀበሌ ሄጄ ተናግሬ፣ ሁሉን ጨርሼ! አንቺንም ነግሬአቸዋለሁ።»

«እኔን? ምን ብለሽ?»

«ሕንድኛ ማን ያውቃል? ኡሙሀኒ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማ ትነግረናለች አልኳቸው። ማይክራፎን እንሰጣታለን ብለዋል። እንዳስገርምሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።»

ኡሙሀኒ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። አንድ ሳምንት ሙሉ የቀናችባት ልጅ ይህን ስታሰናዳላት ነው የከረመችው። ጉሮሮዬን አሞኛል ብላ ማምለጥ ትችል ነበር።

«እኔ እስከ ጎርፉ ብቻ ነው ያየሁት» አለች። «ሰዓት እላፊ ፈርተን ወጣን። ከዚያ ወዲያ ያለው የኔ ፈጠራ ነው።»

«ድልድዩስ?»

«ድልድዩም።»

«ስንት ጊዜ ነው ያለቀስኩበት» አለች ወለተሐና፣ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ ቢጤ እየመጣ። «እንግዲያው አንቺም ነገ ገና ልታይው ነዋ! እስከ ጎርፉ ትነግሪናለሽ፣ ከዚያ አጠገቤ ትቀመጫለሽ።» ጋዜጣውን መልሳ ስትጠቀልል ድንገት ቀና አለች። «ጋሼ ግን መቼ አለፈ? ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ጀምሮ እዚሁ ነኝ እኮ፣ መኪናውን አላየሁትም።»

ዛሬ ጠዋት ለአባቴ ሰጥቶት አለፈ ብትላት ያልቃል። ወለተሐና ታምናታለች። እሷ ምን ጊዜም የነገሯትን ታምናለች።

«ማክሰኞ» አለች ኡሙሀኒ።

ሳቁ ከወለተሐና ከንፈር ላይ ጠፋ። ኡሙሀኒ ወደ ሱቁ አልተመለሰችም። የምትላትን ለመስማት እዚያው ቆመች።